ሥጋው ሳይቆረጥ

ሶዶ ስመጣ ኮሌጁ «ኢንተርናሽናል ስቱደንት» ብሎ መዘገበኝ። ሰፈሩ «የጁባዋ» አለኝ። እናቴ ከደብረ ብርሃን ሄዳ ጁባ ምግብ ቤት የከፈተች ሐበሻ ናት፤ አባቴ የዚያው አገር ሰው ነው። መልኬን ከእሱ፣ አፌን ከእሷ ወሰድኩ። ባጃጅ ውስጥ አማርኛ ስናገር ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። መጀመሪያ እስቅ ነበር፤ በኋላ ሰለቸኝ።

የተከራየሁት ክፍል ወደ አስፋልቱ የሚያይ መስኮት ነበረው። ግድግዳውን ራሴ ቀባሁት። ጠዋት ወደ ተበላ ከተማ ተሳፋሪ የሚጠሩ የሚኒባስ ረዳቶች «ተበላ፣ ተበላ» እያሉ ይቀሰቅሱኛል። ከተማውን የለመድኩት በዚያ መስኮት ነው። ማንም አፍጥጦ የማያየኝ፣ እኔ ግን ሁሉን የማይበት ቦታ እሱ ብቻ ነበር።

መስከረም ላይ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲቃረብ፣ ከኮሌጅ ስመለስ ፍራሼን ጓሮ ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ አገኘሁት። በከሰልና በሽንኩርት ጆንያ መሃል። መስኮት የለውም።

«እትዬ፣ ዕቃዬን ማን አወጣው?» አልኳት አከራዬን።

«እኔ ነኛ። የእህቴ ልጅ ከደቡብ አፍሪካ ለበዓል እየመጣ ነው። እሱን ዕቃ ቤት ላስተኛው ነው?»

«እኔንስ?»

«አንቺማ ምን አለብሽ፣ ነገ አገርሽ ትሄጃለሽ።» ከዚያ ቃሪያ ወደምትለቅመው ጎረቤቷ ዞረች። «የስደት ልጅ ናት፤ ለምዳዋለች።»

በወላይትኛ ልትነግራት ትችል ነበር። በአማርኛ ያለችው እኔ እንድሰማው ነው።

የእህቷ ልጅ መጣ። እስከ እኩለ ቀን ይተኛል፤ ከዚያ በእኔ መስኮት እጁን አውጥቶ ሲጋራ ያጨሳል። ሳልፍ «ሰላም ነው፣ ሲስ» ይለኛል። ወደ ከሰሉ ክፍሌ እገባለሁ።

ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላቸው የስልጤ ሰውዬ ፊቴን አይተው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ስሚ ልጄ፣» አሉኝ፣ «ወላይታ ቂም ይዞ ጊፋታን አይሻገርም። በሬው ታርዶ ሥጋው ሳይቆረጥ ሽማግሌው የተጣላ አለ ወይ ይላሉ። አለ ከተባለ ቢላ አይነሳም። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ አፍ የለኝም። አንቺ ግን አፍ አለሽ።»

«አለኝ፣» አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋ ሆንኩ። ለዳጣው ቃሪያና ዝንጅብል ፈጨሁላት፤ ግቢውን ጠረግሁ። እሷ ደግሞ ዕርቅ ላይ ነበረች። ለባሏ ወንድም ሚስት ቅቤ ይዛ ሄዳ ታረቀች። በአጥር ከተጣላቻት ጎረቤቷ ጋር ተላቅሳ ታረቀች። በዕቃ ቤቱ በር ግን ዞር ብላ ሳታይ ታልፋለች። ባዳ ቂም የሚይዝ አልመሰላትም።

ቀኑ ደረሰ። ሥጋው እንሰት ቅጠል ላይ ተዘርግቷል፣ ሰዉ ከብቦታል፣ ባሏ ቢላውን ስሏል። ሽማግሌው ለወጉ ያህል ጠየቁ፦ «በዚህ ግቢ ቂም የያዘ አለ?»

«አለ፣» አልኩ ከኋላ። «እኔ።»

አከራዬ ሳቀች። «ኧረ ጋሼ፣ ይቺ ተከራይ ናት። ባህሉን አታውቅም።»

«የዚህን ግቢ ውሃ አትጠጣም?»

«ትጠጣለች።»

«እንግዲያ ትናገር።»

ተናገርኩ። «ለምዳዋለች» ስትል የተናገረችበትን ድምፅ ሳይቀር አስመስዬ ተናገርኩ። አንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሌላው፣ «እህቴ፣ ቶሎ ታረቂ፣ ዝንቡ ሊቀድመን ነው፣» አለ።

«ይቅደማችሁ፣» አልኩት።

«ምን ይደረግልሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«ፍራሼን እሷ ራሷ ትመልሰው። አሁን፣ ሰው እያየ።»

«እሳቸው በይ፣» አለኝ ባሏ።

«እሳቸው ይሸከሙት።»

የእህቷ ልጅ ተነሳ። «እኔ ላምጣው።»

«አንተ አላወጣኸውም። ቁጭ በል፣» አልኩት።

ሽማግሌው በወላይትኛ አንድ ነገር አሏት፤ አጭር ነበር። ተነሳች። የበዓል የዱንጉዛ ቀሚሷን ሰብስባ ፍራሹን ጭንቅላቷ ላይ አወጣችው። ግማሹ ፊቷን ሸፈነው። በእንግዳው ሁሉ መሃል አለፈች፤ የታረቀቻት ጎረቤቷ እንኳ መንገድ ለቀቀችላት እንጂ አላገዘቻትም። እኔ ከኋላዋ ቀስ ብዬ ሄድኩ። «መሬት እንዳይነካ፣ እትዬ፣» አልኳት።

አስገብታ ወጣች፤ ላብ አጥምቋታል። «ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብያለሁ፣» አልኩ፤ በአፌ። ሽማግሌውም የጠየቁት አፌን ነው። ቢላው ተነሳ፤ የእህቷ ልጅ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሽንኩርቱ ሄደ። ያን ቀን ብዙ በላሁ።

በኋላ ጓደኞቼ የተሻለ ክፍል አገኙልኝ፤ አልሄድኩም። አከራዬ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ በመስኮቴ ስር ነው የምታልፈው። መስኮቱን እከፍትና «እንዴት አደሩ፣ እትዬ?» እላታለሁ። ዝም ብትለኝ ደስ ይላት ነበር፤ ግን አትችልም፤ ታርቀናል።