ታኮ እንጠብሳለን

ስለ አዚዛ ልጻፍ። አጻጻፌ ቢጣመም አትታዘቡኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፣ እሱንም ሳልጨርስ ነው ወደ ጫማ ሥራ የገባሁት። ግን ከበሯ አጠገብ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሌላው የሚያወራው ከሩቅ ሆኖ ነው።

ቦታዬ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከእትዬ ይታይሽ ቤት ግድግዳ ሥር ነው። ከራሴ በላይ «ታኮ እንቀይራለን» የሚል ጣውላ ሰቅያለሁ። አዚዛ ከእትዬ ይታይሽ የመንገድ ዳሯን ክፍል ተከራይታ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ያንን ጣውላ ነው መሰለኝ።

«ክንዱ፣ ለኔም ጻፍልኛ» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«ታኮ እንጠብሳለን ብለህ።»

መዶሻዬን አስቀመጥኩ። «ታኮ?»

«ምግብ ነው። ሥጋው በከሰል ይጠበሳል፣ ይከተፋል፣ በበቆሎ ቂጣ ይታጠፋል። በላዩ ማንጎ፣ አናናስ፣ ቃሪያ፣ ሎሚ ይደረግበታል።»

«ማንጎ ከሥጋ ጋር?»

«ቀምሰህ እየው ብልህ ሥጋዬን አትበላም» ብላ ሳቀች።

እውነቷን ነው፣ እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ አልበላም። ግን በልቤ አንድ ነገር ገባ። ሰው ሥጋ ላይ ጣፋጭ የሚጨምረው ለምንድነው? ሽታ ለመደበቅ ካልሆነ? አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም፣ ዝም ብዬ ጻፍኩላት። የሙስሊም ቤት መሆኑ እንዲታወቅ ጨረቃ ሣልልኝ አለችኝ፣ ሣልኩላት። ብሩሹ ወፍራም ነበር። ጨረቃዋ ስትደርቅ ቁርጥ የሴት ጫማ ታኮ መሰለች።

እንግዲህ ሁለቱ ጣውላዎች ጎን ለጎን ሆኑ። የመናኸሪያ ረዳቶች ምን ያድርጉ፣ አፍ አላቸው። «ክንዱ የነቀለውን አዚዛ ትጠብሰዋለች!» ይላሉ። አንዱ የደብረ ታቦሩን አውቶብስ እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር ድንጋይ እያስገባ፣ «አዚዛ፣ ይሄንን ታኮ ደህና አድርገሽ ብታበስይልኝ!» ብሎ ሰዉን አሳቀው። እሷም ሳቀች። ጥሬ ሳቅ ነበር።

የዚህ ከተማ ልጅ ናት። ልጇን ረውዳን ለእናቷ ትታ ቤይሩት ሄደች፤ ምግብ ቤት ዕቃ ስታጥብ፣ የወጥ ቤቱ አለቃ የሜክሲኮ ሰው ነበር፣ ይህን ምግብ ያሳያት እሱ ነው። ስትመለስ ረውዳ አዚዛን «እማ» በማለት ፈንታ «እትዬ» ብላ ጠራቻት። ይህን የነገረችኝ አንድ ቀን ጫማዋን ስሰፋላት ነው። «ይሄ ሥራ እንቢ ካለኝ ሌላ የማውቀው የለም፣ ተመልሼ አረብ አገር ነው። ያኔ ደግሞ እትዬም አትለኝም» አለች።

አዘንኩ። ግን ሜክሲኮ የምትለው ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ሜክሲኮን እኔ አውቀዋለሁ፣ አዲስ አበባ ነው፣ ታክሲ ይዤ ወርጄበታለሁ። ታዲያ የሜክሲኮ ሰው ቤይሩት ምን ይሠራል? ይህችስ በእርግጥ አረብ አገር ሄዳለች? ለእትዬ ይታይሽ ባነሣላቸው፣ «እኔም ጠርጥሬያለሁ» አሉ።

እትዬ ይታይሽ አንዴ ከጠረጠሩ አይተኙም። አዚዛ ስትጠብስ የጓሮውን በር ትዘጋለች፤ ለምን ትዘጋለች? የማንጎውን ሳህን ትከድናለች፤ ምን አለበት? አንድ ቀን እኔም በጓሮው በር ሽንቁር አየሁ። ጠንካራ የፍየል ታፋ በቢጫ ነገር እያሸች አስቀመጠችው፤ ቆይታ ስትነካው ሥጋው እንደ ሊጥ ላልቷል። መድኃኒት ነው አልኩ። ፍየል እንዲህ ሲላላ አይቼ አላውቅም። አናናስ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ደግሞ ከሳጥኔ ታኮ ይጠፋ ጀመር። የነቀልኳቸውን አሮጌዎቹን እዚያ ነው የምጥላቸው። ውሻ ይሆናል ብዬ ነበር። ውሻ ግን ቆዳ እንጂ ጎማ ምን ያደርግለታል?

ክርስቲያኑ የሙስሊም ሥጋ በቂጣ ሸፍና ልታበላን ነው አለ። ሙስሊሙ ደግሞ ቤቱ የእትዬ ይታይሽ ነው፣ ሥጋው ማን ያረደው እንደሆነ በምን ይታወቃል አለ። ጨርቅ ነጋዴው ጋሼ ጁሃር በሩ ላይ ቆመው፣ «አዚዛ፣ የታጠፈ ነገር አልወድም። ንጹሕ ከሆነ ለምን ይታጠፋል?» አሏት።

«ጋሼ፣ ሳይታጠፍማ ይፈሳል።»

«ይፍሰስ። የሚፈሰውን አያለሁ» ብለው ሄዱ።

በመጨረሻ እትዬ ይታይሽ ቁርጡን ነገሯት። «ስሚ፣ ሰው ቤቴን ታኮ ቤት እያለ ነው። እስከሚመጣው ገበያ ወሬው ካልቆመ ቁልፌን ትሰጭኛለሽ።»

አዚዛ ከሰሉን ማራገብ ቀጠለች።

ገበያው ደረሰ። መንገዱ ሰውና አህያ ሞልቶታል፣ የሚገባላት ግን የለም። ጋሼ ጁሃር ጨርቃቸውን በትከሻቸው እንደያዙ ሊያልፉ ሲሉ እትዬ ይታይሽ እጃቸውን ይዘው አስቆሟቸው። «ይምጡ፣ ምስክር ይሁኑኝ። አንተም ተነሥ ክንዱ፣ ዕቃህ የጠፋው አንተ ነህ።» ተነሣሁ። ምን ልበል።

የጓሮውን በር ብርግድ አደረጉት። ነፋሱ ገብቶ አመዱን በፊታችን ላይ በተነው። አሃ፣ የምትዘጋው ለዚህ ነው አልኩ በልቤ። አዚዛ ለሁለት በተሰነጠቀ በርሜል ላይ ሥጋ እየገለበጠች ነበር። እትዬ ይታይሽ የማንጎውን ሳህን ከፈቱ፣ አሸተቱ፣ ከደኑ። ማድጋ ውስጥ አዩ። ከዚያ ጎንበስ አሉና ጮኹ።

«ይኸውላችሁ! ታኮ!»

እውነትም ታኮ ነበር። ከበርሜሉ አንደኛው እግር ሥር። ቀጭን፣ ጥቁር፣ የሴት ታኮ።

«እትዬ፣ እሱን አይንኩት!» አለች አዚዛ።

«አልንካው? አልንካው ትላለች! ጋሼ ጁሃር፣ ይዩልኝ!» ብለው ሳብ አድርገው አወጡት።

በርሜሉ ጋደለ። ለካ እግሩን የበየደላት በያጅ አንዱን አሳጥሮባታል፣ ያ ታኮ ነበር ያቆመው። ከሰሉ ወደ አንድ ወገን ተንሸራተተ፣ ሥጋው ተከተለው። አዚዛ በሻርፗ ጫፍ ብረቱን ይዛ፣ «ይመልሱት! እትዬ ይታይሽ፣ ታኮውን ይመልሱት፣ ተቃጠልኩ!» እያለች ትጮሃለች። እትዬ ይታይሽ በዚያ ነጭ ቀሚሳቸው አመድ ላይ ተንበርከኩ። እኔ በርሜሉን ቀና አደረግሁ። ታኮውን ሊያስገቡ ሲሉ ግን እጃቸው ቆመ። አገላበጡት።

«ቆይ» አሉ። «ይሄማ የኔ ነው። በልጄ ሠርግ የተሰበረብኝ።»



«እትዬ፣ መጀመሪያ ያስገቡት፣ ኋላ ይወቁት!» አለች አዚዛ።

አስገቡት። ጋሼ ጁሃር ግድግዳውን ይዘው ይስቃሉ፣ እንባቸው ወርዷል። አዚዛ መዳፏን ውሃ ውስጥ ነክራ ወደኔ ዞረች። «ታኮ አለህ ወይ ስልህ ከሳጥኑ ውሰጂ አላልከኝም? ትንሽ እየሆነብኝ ቀያየርኩት።» ብያለሁ። ለጫማ መስሎኝ ነው፤ በመዶሻ ስመታ ደግሞ ቀና አልልም።

ጋሼ ጁሃር እንባቸውን ጠረጉ። «እሺ አዚዛ፣ ማን አረደው?»

«አጎቴ። እርስዎ ጠዋት ከሱ የገዙት ታፋ ወንድሙ ይኸው» ብላ ፍም ላይ ያለውን አሳየቻቸው።

አዩት። «ስጭኝ። ግን እንዳታጥፊው።»

ቂጣውን ዘርግታ፣ ሥጋውን ከትፋ፣ ማንጎውን በግልጽ በላዩ አድርጋ ሰጠቻቸው። መንገድ ላይ ወጥተው፣ ሰው ሁሉ እያየ በሉ። ጭማቂው በክንዳቸው ላይ ፈሰሰ። «ይጣፍጣል» አሉ ተጠራጥረው። «ሥጋ እንዲህ መጣፈጡ ደግ አይመስለኝም። ድገሚኝ።» ከዚያ የሱቅ ጎረቤቶቻቸው መጡ። ሁሉም ሳይታጠፍ ይላል። እስካሁንም መካነ ኢየሱስ ላይ ታኮ አይታጠፍም።

እትዬ ይታይሽ ስለ ቁልፉ አላነሡም። ጠዋት ጠዋት ግን ይመጣሉ። «እስቲ ታኮዬ አለ?» ብለው ጎንበስ ብለው ያያሉ። አዚዛ በያጅ ጠርታ እግሩን ላስተካክልና ልመልስልዎ ብትላቸው፣ «ተይው፣ የኔ ነገር ሥሩ እያለ ቤቴን ማን ይነካዋል» አሏት። ረውዳም ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጓሮ ትገባለች። ባለፈው «እማ፣ ማንጎ» ስትል ሰምቻለሁ።

አሁን የሚጠረጠረው እኔ ነኝ። እትዬ ይታይሽ ጫማ ሲያመጡ ትተው አይሄዱም። በርጩማ ይዘው ፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ፣ እስክጨርስ እጄን ያያሉ፣ የነቀልኩትን አሮጌ ታኮ ተቀብለው በመቀነታቸው ቋጥረው ነው የሚነሡት።