የከሱት እናት አሳማዎች

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ አሳማ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ዋርሳዋ፣ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። የባሏ መቃብር አፈር ሳይደርቅ የጋጣውን ቁልፍ ቀየረና፣ ብሎኬት ተሸክማ በሠራችው ጋጣ ቆሻሻ ጠራጊ አደረጋት። እሷ ግን ጋጣዬን ሳላስመልስ ንቅንቅ አልልም ብላ ጥርሷን ነከሰች።

የአሳማ ግልገሎቹ ጡት ሲጥሉ የእናቶቹ አጥንት ተቆጥሮ ያልቅ ነበር። ዋርሳዋ ገንዳው አጠገብ ቆሞ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ግማሽ ስጫቸው» አላት። «አያጠቡ፣ አላረገዙ! ሥራ ፈት ምን ይቀለባል?»

እናት አሳማ ስታጠባ ሰውነቷ ያልቃል። ግልገሎቿ ጡት ከጣሉ ጀምሮ አውራውን፣ ወንዱን አሳማ እስክታገኝ ድረስ ጠግባ መብላት አለባት። ያን ጊዜ ከተራበች አውራ ቶሎ አትፈልግም፤ ብትፀንስም ጥቂትና ደካማ ትወልዳለች። ይህን እትዬ አሳማ አሳምራ ታውቃለች። በባሏ ጊዜ «ግማሽ» የሚል ቢመጣ በባልዲው ትለው ነበር።

«እሺ ጌታው» አለች።

«አየሽ? ስትታዘዢ እንዴት ታምሪያለሽ!»

«ገና ምኑን አይተህ።»

አሳማዎቹ አውራውን ዞር ብለውም አላዩት። አንዷ ብቻ ከአውራው ፀነሰች። ያኔ ዋርሳዋ ደንግጦ መኖ ይዘረግፍላት ጀመር፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ። ከአራት ወር በኋላ አራት ብቻ ወለደች፤ አንዱም ሞቶ ደርቆ አደረ።

«ምን አስነክተሻቸዋል?» ብሎ ጮኸባት።

«ያዘዝከኝን።»

በንዴት ሥጋ ሻጩን ጠራ። ሥጋ ሻጩ የአንዷን ጎን ዳበሰና ሳቀ። «ወንድሜ፣ ይሄ ሥጋ ነው አጥር? ቢላዬን ታዶለዱምብኛለች» ብሎ ሄደ።

የጠበቀችው ይህችን ቀን ነበር። እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን።»

«ምን ልትሆኚባቸው?»

«ላበላቸው ነዋ! አንተ መቀለቡን አታውቅበት፣ ልሽጥ ብትል የሚገዛህ የለ። ጋጣዬን ከነአሳማዎቹ አስረክበኝና ውጣ።»

ቁልፉን እግሯ ሥር ወረወረው። አላጎነበሰችም።

«አንስተህ ስጠኝ።»

አንስቶ ሰጣት። ፊቱ ከሰል ሲመስል ልቧ ቅቤ ጠጣ። እስከ በሩ ሸኘችው። «ሥራ ካጣህ አካፋው እዚያ ቆሟል፣ የኔ ጌታ!»

ተመልሳ ገንዳውን እስከ አፉ ሞላችው። ሌሎቹ ተሻሙ። የወለደችው ግን ቀና ብላ አየቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«ብዪ እንጂ» አለቻት፣ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን እያሻሸች። «የተበቀልኩት አንቺን አይደለም።»