ክንዱ ተመለሰ፣ ኬብሉ አልተመለሰም

ሚስቴን ሳይት ላይ «እንዝርት» ነው የሚሏት። ከሰማይ ጥግ ሆና ቀኑን ሙሉ የክሬን ክንድ ስታሽከረክር ስለምትውል ነው። እኔ ታች ፌሮ አስራለሁ። ወንድ ነኝ ባይ ነኝ እንጂ ወንበር ላይ መውጣት እንኳ እፈራለሁ፤ ቤታችን ውስጥ አምፖል የምትቀይረው እሷ ናት። ሳቁ፣ ለምጄዋለሁ።

እንዝርት አንድ ሕግ አላት፤ ጭነት በሰው ራስ ላይ አታሳልፍም። ሰው በዚህ በኩል ካለ በዚያ ትዞራለች። የዚያን ዕለት ኮንክሪት የሚሞሉት ሠራተኞች ቦታ ሲቀያይሩ ዋሉ፤ እሷም እነሱን ስትሸሽ ሳታስበው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ዞረች። ኮረንቲ የሚያደርስላት ኬብል ደግሞ አብሯት ይጠመዘዛል። አምስት መቶ አርባ ዲግሪ፣ ማለትም አንድ ዙር ተኩል ካለፈ ይበጠሳል። ያኔ ኮረንቲው ወደ ክሬኑ ማማ ይገባል፤ ማማው ብረት ነው፣ ሚስቴ ያለችውም ብረቱ ላይ ነው።

ድሮ ስክሪኑ አራት መቶ ሃምሳ ሲላት አንድ ዙር እንዳለፈች ታውቃለች። በዋዜማው ግን መካኒኩ አዲስ ስክሪን ገጠመ፤ ዙር ሲበዛ ክንዱን የሚያቆመውን መሣሪያ ሳይመልስ ሄደ። አዲሱ ስክሪን አንድ ተኩል ይላል፣ አራት ይላል፣ ሰባት ይላል። ተበላሽቷል ብላ ተወችው።

ከሰዓት በኋላ አንድ እስር ፌሮ አንጠልጥላ ስትዞር ክንዱን መሀል መንገድ ላይ አቆመችው። ሬዲዮው ፎርማኑ እጅ ነበር፣ እኔ አጠገቡ። ከበታቿ የሆነ ነገር እየተንቋቋ መሆኑን ነገረችው። ፎርማኑ መካኒኩ ጋ ደወለ። ቁጥሩ ዲግሪ አይደለም፣ ራዲያን የሚባል ሌላ የማዕዘን መለኪያ ነው፣ በመቶ ሰማንያ አባዝተህ ለሦስት ነጥብ አስራ አራት አካፍል አለው። እሷ ጋ የሚታየው ዘጠኝ ነጥብ ሁለት ነበር። ፎርማኑ ስልኩ ላይ ሲያሰላው አምስት መቶ ሃያ ሰባት ወጣ።

ከዚያ ሙሉውን ዙር፣ ሦስት መቶ ስልሳውን ቀነሰ፤ መቶ ስልሳ ሰባት። ክንዱን አንጋጦ አየ። እውነትም ክንዱ እዚያው ነው። ተመስገን አልኩ። ቁጥሮቹን ነግሮ ቀጥዪ አላት።

ክንዱ ግን ካለበት አልተነቃነቀም።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፤ «ክንዱ መቶ ስልሳ ሰባት ላይ ነው። ኬብሉ ግን አምስት መቶ ሃያ ሰባት ላይ ነው፤ እሱ ዙሩን አልቀነሰም። ወደ ኋላ ተመልሼ በዚያኛው በኩል ነው የማደርሰው። ሰዎቹን አንሡልኝ።»

የፎርማኑ ፊት አመድ መሰለ፤ ሰዎቹን ሊያስነሣ ሮጠ። ክንዱ ወደ ኋላ መዞር ሲጀምር ኬብሉ አቃሰተ። እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ብቻዬን ቤት ስገባ ታየኝ፤ የተቃጠለ አምፖል፣ ጨለማ ቤት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ጭነቱ መሬት ነክቶ ሰው ሲያጨበጭብ ራሴን የማማው መሰላል ላይ አገኘሁት፤ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ወጥቻለሁ። እጄ ብረቱን አልለቅም አለ። የጫማዋ ድምፅ ከላይ እየቀረበ መጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ መንገድ ዘጋህብኝ እኮ። ውረድ እንጂ።»

መውረድ አልቻልኩም አልኳት። አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከብረቱ አላቀቀችልኝ። ከዚያ እግሬን የት እንደማሳርፍ እየነገረችኝ ወረድን።