በስምንት ሰዓት የሚታይ ቤት

ባለፈው ሳምንት አንድ የቤት ደላላ በባጃጅ መጥቶ ግቢዬ በር ላይ ወረደ። ጫማው የነጣ፣ ስልኩ ከመዳፉ የሰፋ ጎረምሳ ነው። ለኪራይ ያሰብኋትን አንዲት ክፍል ፎቶ አንሥቶ በየስልኩ ሊበትናት ነው የመጣው። ግድግዳውን አነሣ፣ ኮርኒሱን አነሣ፣ የወለሉን ሴራሚክ ተንበርክኮ አነሣ። ሲጨርስ፣ «ዛፉንስ?» አልሁት።

«የቱን ዛፍ አባባ?»

«ጥላው ሥር ቆመህ ላብህን የምትጠርግበትን!»

ሳቀ። «አይ አባባ፣ ዛፍ የሚከራይ የለም እኮ» አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ የሳቅሁት ግን በእሱ አይደለም። በእሱ ዕድሜ ሳለሁ፣ እዚሁ ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ፣ ደላላ ነኝ ብዬ የሠራሁት ጉድ ትዝ ብሎኝ ነው።

ወደ ቆላ የወረድሁት ከዳባት፣ ሰሊጥ ለማረም ነበር። አባቴን «በሬ ገዝቼ እመለሳለሁ» ብዬው ነው የወጣሁት። ገብስና ባቄላ ያሳደገው የደጋ ልጅ ሰሊጥን የት ያውቀዋል? ገና በመጀመሪያው ሳምንት ጭቃው ውስጥ አጎንብሼ ስነቅል፣ ስነቅል፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ከኋላዬ መጣና ያለፍሁበትን መስመር ትክ ብሎ አየው። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ የቀጠርሁህ ለሰሊጡ ነው ወይስ ለአረሙ?» አለኝ። ለካ ሰሊጡን እየነቀልሁ አረሙን በክብር አሳልፌዋለሁ። በዚያው ተሰናበትሁ።

ያለ በሬ ዳባት መግባት ደግሞ የማይሞከር ነው። ገንዳ ውሃ ቀረሁና ሥራ ፍለጋ ከበር በር ስዞር ከረምሁ። የሚቀጥረኝ ጠፋ እንጂ የከተማውን ግቢ ሁሉ ከነውሻው አወቅሁት፤ የትኛው ጮኾ እንደሚተው፣ የትኛው ድምፅ ሳያሰማ እንደሚነክስ። መናኸሪያው ላይ ደግሞ ከጎንደር አውቶቡስ በገባ ቁጥር ሻንጣ የያዘ ሰው ወርዶ «የሚከራይ ቤት አለ?» ይላል። አንድ ቀን ጠዋት ሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበትን ፉሌን በዳቦ እየጠረግሁ ሳስበው፣ ያ ሁሉ ውሻ ያባረረኝ ለካ ለእንጀራዬ ኖሯል አልሁና ደላላ ሆንሁ። ከደጋ ለብሼው የወረድሁትን ወፍራም ካፖርት በዚያ ሙቀት አላወልቀውም። ደላላ ካፖርት ከሌለው ማን ያምነዋል?

ቤት የምመርጠው ግን በአባቴ ዓይን ነበር። ጥሩ ቤት ማለት ለእኔ ግድግዳው የወፈረ፣ መስኮቱ የጠበበ፣ በሩ ሲዘጋ ክር የማያሳልፍ ነው። ደንበኛ ይዤ እገባና ደረቴን ነፍቼ «ንፋስ አይገባበትም!» እላለሁ። ቆላውን የሚያውቁት ሰዎች እርስ በርሳቸው ይተያዩና ሹልክ ይላሉ። ዋጋ ለማስወረድ የሚጫወቱት ተንኮል ይመስለኝ ነበር። ከተማው ስሜን ትቶ «ንፋስ አይገባበትም» እያለ ሲጠራኝ እንኳ፣ ሥራዬ ታወቀልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

በየካቲት ሁለት መምህራን ከደብረ ታቦር ተዛውረው መጡ፤ መምህርት አለምነሽና መምህር ታደለ። ርእሰ መምህሩ፣ «እነዚህን ካስቀመጥህልኝ ወደፊት የሚመጣውን አስተማሪ ሁሉ ወዳንተ ነው የምልከው» ብሎኛል። አገር የተሰጠኝ ያህል ሆነና ሁለቱን ጎን ለጎን ወዳሉ፣ ቆርቆሯቸው ገና ወደሚያብለጨልጭ ክፍሎች ወሰድኋቸው። ጠዋት ነው፤ ቀዝቀዝ ብሏል። አለምነሽ ግድግዳውን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ፣ «ይኼስ ሸጋ ቤት ነው» አለች። ሦስት ደገኞች ምድጃ ውስጥ ቆመን በቤቱ ጥራት ተስማማን።

መጋቢት ገባ። የቆላን መጋቢት ለማያውቅ ሰው ምን ብዬ ልንገረው? ወፉ አፉን ከፍቶ ይቀመጣል፤ ቆርቆሮው ቋ፣ ቋ እያለ ብቻውን ያወራል። አንድ ቀን ቀትር ላይ አለምነሽ መናኸሪያ መጣች። ፊቷ በርበሬ መስሏል፤ በእጇ የአውቶቡስ ቲኬት ይዛለች።

«ነገ ጠዋት ታደለም እኔም እንሄዳለን» አለችኝ።

«ምን አጠፋሁ መምህርት?»

«ቤት ብለህ ያስገባኸን ዳቦ መጋገሪያ ውስጥ ነው።»

እነሱ ሲሄዱ የአባቴ በሬም አብሮ ሲሄድ ታየኝ። በዚህ ላይ ወጣት ነኝ፤ ሴት ፊት ተሸንፎ ዝም ማለትን ገና አልተማርሁም። «ስላልለመዱት ነው እንጂ ቤቱስ ምንም አይለው! እኔ ከነካፖርቴ እስከ አሱር አዛን፣ እስከ ዘጠኝ ተኩል ብቀመጥበት ምንም አልሆንም» አልሁ።

«በል ተቀመጣ!»

ጎረቤት ሁሉ እየሰማ ስምንት ሰዓት ላይ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። መጀመሪያ ላቤ ወረደ። ቀጥሎ እኔ ራሴ ቀልጬ የምወርድ መሰለኝ። ካፖርቱን ጣልሁ፤ ሸሚዙን ጣልሁ። በመጨረሻ መሬት ላይ ተዘርግቼ አፍንጫዬን በሩ ሥር ደቅኜ ትንሽ ንፋስ ፈለግሁ። እውነቴን ነበር፤ ንፋስ አይገባበትም! አዛኑ ገና ሳይሰማ በሩን በርግጄ እየዳህሁ ወጣሁ።

አለምነሽ ጎንበስ ብላ አየችኝና፣ «ገባበት እንዴ?» አለች። እኔ ላይ ውሃ የሚያፈስሰው ጎረቤትም፣ ታደለም፣ ሁሉም ሳቀ። ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ሳያት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

አይሂዱ ብዬ አልለመንኋትም። በምን አፌ! የገመድ አልጋዋን አንሥቼ ራሴ ላይ ጫንሁና «ይከተሉኝ» አልኋት። ከግቢ ግቢ ዞርሁ። «የሚከራይ ክፍል አለ?» ማለቱን ትቼ «ጥላ አለ?» እላለሁ። ወዳጆቼ የነበሩት ውሾች አልጋ የጫነ ሰው አይተው ስለማያውቁ እንደ አዲስ አባረሩኝ።

በመጨረሻ እትዬ ዘይነባ ግቢ ደረስን። እትዬ ዘይነባ በመንገዱ በኩል ስኳርና ሳሙና የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ከሱቁ ጀርባ ሰፊ ግቢ፣ መሐሉ ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ፣ ጥግ ላይ በማሽላ አገዳ የታጠረች የሣር ጎጆ አለች። ጎጆዋን ከዚያ በፊት አይቼ፣ በግድግዳው ማዶው ይታያል ብዬ ንቄያት ነበር። አልጋውን ዛፉ ሥር አወረድሁ። ልሞክረው ብዬ ጋደም አልሁ። የነቃሁት ፊቴ ላይ ውሃ ሲረጭብኝ ነው።

«ይኼን ሬሳ ማን ነው ያስቀመጠብኝ?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«አንተ ንፋስ አይገባበትም! ደላላ እዚህ ግቢ አይግባ ብዬህ አልነበር?»

«አሁን ደላላ አይደለሁም እትዬ፤ አልጋ ተሸካሚ ነኝ።»

ሳቃቸው አመለጣቸውና አለምነሽን አዩዋት። «ግቢ ልጄ። ይኼን እየተከተልሽ ነው በዚህ ፀሐይ የምትዞሪው?» አሉና ከሸክላው ጋን የቀዘቀዘ ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ መጠጥ፣ ቀድተው ሰጧት። አለምነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ጠጣች። ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ፤ ንፋሱ መጣና የነጠላዋን ጫፍ አነሣው።

«ቤቱስ የታለ?» አለች በኋላ።

እትዬ ዘይነባ ጎጆዋን አሳዩዋት። «ያ ለልብስሽ ነው።» ከዚያ የዛፉን ግንድ ቸብ ቸብ አደረጉ። «አንቺ የምትኖሪው እዚህ ነው። አንተም ስማ! ቤት የሚታየው በስምንት ሰዓት ነው። ጠዋትማ ጀሀነምም ይቀዘቅዛል።»

አለምነሽ ቲኬቷን አልጣለችም። «ዛሬን ልደርበትና አያለሁ» ብቻ አለች።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ሄጄ ከዳቦ ሻጯ ጀርባ ተደበቅሁ። የአውቶቡሱ ጣሪያ ተጭኖ አልቋል። ታደለ በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል። አለምነሽ ስትሮጥ መጣች። ሻንጣ ግን አልያዘችም።

«ታደለ፣ ውረድ!»

«ቲኬቱስ?»

«ውረድ አልሁህ! እንቅልፍ ተኛሁ እኮ፣ እንቅልፍ! ላንተም ጥላ ይፈለግልሃል።» ዞር ብላ አየችኝ። «አንተም ከዳቦው ኋላ ውጣ፤ የምትሸከመው አልጋ አለ።»

ከዚያ በኋላ ጠዋት ላይ ቤት አሳይቼ አላውቅም። ደንበኛዬን ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን አመጣለሁ፤ እኔም አከራዩም አብረን ክፍሉ ውስጥ እንቀመጣለን። ብዙ አከራይ ሰደበኝ። አንዳንዱ ግን ዳስ ጣለ፣ መስኮት አሰፋ፣ ችግኝ ተከለ። አስተማሪው፣ ነርሱ፣ የእርሻ ባለሙያው ሁሉ ወደኔ ሆነ። ዘግይቶም ቢሆን የአባቴ በሬ ዳባት ገባ።

አለምነሽን አገባኋት ብዬ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። እሷ ግን ያገባችው ከአውቶቡስ ያወረደችውን ታደለን ነው። ጥላ እየመረጥሁ ቤት የፈለግሁላቸው እኔው ነኝ፤ የድለላ ዋጋ እንኳ አልተቀበልሁም። ሰሊጡን ነቅሎ አረሙን የሚተው ሰው ዕጣ ይኸው ነው።

ያን ጎረምሳ «ነገ በስምንት ሰዓት ና» ብዬ ሸኘሁት። አላሳፈረኝም፤ እያጉረመረመ መጣ። ራሴ የተከልሁት ኒም ሥር ያለው የገመድ አልጋዬ ላይ «እስኪ ጋደም በል» አልሁት። ወዲያው አንኮራፋ። ስልኩ ደረቱ ላይ ጮኸ፣ ጮኸ፣ አልሰማም። አነሣሁት። የሴት ድምፅ ነው፤ ከደጋው ከደባርቅ ተመድባ እየመጣች ያለች ነርስ ናት። ፎቶውን አይታዋለች።

«ቤቱ ቆንጆ ነው» አለች። «ብቻ አባቴ፣ ንፋስ አይገባበትም አይደል?»

ዛፉ እስኪሰማኝ ሳቅሁ። «የኔ ልጅ፣ በስምንት ሰዓት ነይ» አልኋት። «አልጋውን እኔ እሸከምልሻለሁ።»