የእንቁላል ቀኖና

ወሰንየለሽ ወዳጆን ካገባች ወዲህ ቆሽቷ ሳያርር የዋለበትን ቀን አታስታውስም። እግዜር ግን ፍርዱን ያውቃል፤ በስተመጨረሻ የታመመው የወዳጆ ቆሽት ሆነ። አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች ግማሹን ቆርጠው አወጡለት። ግትርነቱም አብሮ ይቀንስ ይሆናል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። ወይ ፍንክች!

ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው በደንብ አስረድቷቸዋል። የተቆረጠው ቦታ ሆድ ዕቃው ውስጥ ፈሳሽ እንዳያንጠባጥብ ቀጭን ቱቦ ገብቶለታል፤ ቁስሉ ሲድን ቱቦው እዚያው ሟሙቶ ይጠፋል፤ ለማውጣት ዳግም መቀደድ የለም። ከበሽተኛው የሚፈለገው መብላት ብቻ ነው፤ ቅባት ሳይበዛ፣ ጥቂት ጥቂት፣ በተለይ እንቁላል። ካልበላ ግን ቁስሉ አይጠግግም፤ ያን ጊዜ ቱቦው ብቻውን አያድነውም።

አገራቸው መሐል ሜዳ ሲገቡ ሁዳዴ ተጋምሷል። ወዳጆ ደግሞ በጾም የሚያማው ሰው የለም። አውቶብስ ላይ ሲያብሰለስለው የመጣውን ነገር ቤት ገብቶ ተናገረ። ሆድ ውስጥ የሚሟሟ ነገር ያው ምግብ ነው፤ ከምን እንደተሠራም አልጠየቀም፤ የከብት ጅማት ቢሆንስ? እንግዲህ ሌት ተቀን ፍስክ ሲበላ ከርሟል ማለት ነው። ለማካካስ እስከ ማታ መጾም ጀመረ። ማታም ቆሎ ቆርጥሞ ይተኛል።

ሱሪው ከወገቡ አልቆም ሲል ወሰንየለሽ ፈራች፤ ከሐኪም ቢላ የተረፈ ባሏን በጾም ልታጣው ነው። ሄዳ የነፍስ አባቱን አባ ኪዳነ ወልድን ይዛ መጣች። አባም ለበሽተኛ ጾም እንደሚፈታ ቢነግሩት፣ ቢለምኑት፣ ቢቆጡት ወዳጆ አሻፈረኝ አለ። ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና ጠየቁት።

«ቱቦው ፍስክ ነው ብለህ ታምናለህ?»

«አምናለሁ፣ አባ።»

«እንግዲያው ጾሙን ገድፈሃል። ቀኖና ትቀበላለህ?»

ወዳጆ ይህንኑ ሲጠብቅ ነበርና ሊሰግድ ተነሣ። አባ ክንዱን ይዘው መልሰው አስቀመጡት። ቀኖናው ስግደት አልነበረም፤ ትንሣኤ እስኪደርስ ጠዋትና ማታ እንቁላል መብላት ነው። ለእሱ ቢጤ ጿሚ ከዚህ የባሰ ምን ቅጣት አለ?

የነፍስ አባት ቃል አይታጠፍም። ወዳጆ የመጀመሪያውን እንቁላል ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ። ወሰንየለሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በደስታ አለቀሰች።

ሳምንቱ ሳያልቅ ፊቱ ወዛ። አባ ሊጠይቁት ሲመጡ ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባ፣ ሳስበው ሳስበው ኃጢአቴ ከባድ ነው፤ ቀኖናው አነሰኝ» አላቸው።