ፋቲሃ በበርበሬ መጋዘን

እስር ቤት ዩኒቨርሲቲ ነው ይላሉ። አይደለም። ይህን የሚሉት ወይ ያልታሰሩ ናቸው፣ ወይ ከተፈቱ በኋላ እስራቸውን በመቅድም አስጊጠው ያሳተሙ። እኔ የታሰርኩበት ቤት በርበሬ ይከማችበት የነበረ መጋዘን ነው። ቤቱ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ማስነጠስ ነው።

ከፍኖተ ሰላም ያነሱኝ ከቁርስ በፊት ነበር። «ለጥያቄ ነው፣ ትመለሳለህ» አሉኝ። ለጥያቄ የሚሄድ ሰው ጃኬት እንደሚያስፈልገው አውቅ ነበርና ጃኬቴን ያዝኩ። ቡሬ ዳር አወረዱኝ። የቆርቆሮው በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን ቀይ ብናኝ ነው፤ በጣሪያው ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል። ቀጥሎ ሳል ሰማሁ። ቤቱ በሙሉ ይስላል።

«ግባ ጋሼ» አለኝ አንዱ። «የጎደለው ዶሮው ብቻ ነው፤ ቅመሙ ተሟልቷል።»

ይህን ያለኝ ቡሬ ገበያ ላይ ሸራና ጫማ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። የግራ ጉንጩ አብጧል፤ ሲስቅ በዚያው በኩል የላይኛው መንጋጋ ጥርሶቹ አለመኖራቸው ይታያል። ምን እንደሆኑ አልጠየቅኩም። እዚያ ቤት የማይጠየቅ ነገር ቢኖር ይኸው ነበር። አጠገቡ ረጅም፣ ቀጭን የቁርአን መምህር ተቀምጠዋል፤ ሼህ እያልን እንጠራቸዋለን። ከሳቸው ቀጥሎ ከጅጋ ወዲያ ካለ ደብር የመጡ መሪጌታ ነበሩ። ሦስቱም ለምን እንደታሰሩ አያውቁም። እኔ በጻፍኩት ነገር ነው የታሰርኩት፤ ከነምክንያቱ የገባሁ እኔ ብቻ ስለነበርኩ እንደ ባለጸጋ ያዩኝ ነበር።

ነጋዴው በልጅነቱ ከቁርአን ቤት ጠፍቶ ዱርቤቴ ገበያ ነው ያደገው። በየሶላቱ የሚቀራውን የቁርአን መክፈቻ፣ ፋቲሃን፣ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ ነበር የያዘው። አንድ ጠዋት ሲሰግድ ሼሁ ሰሙት፤ እስኪጨርስ ጠበቁትና፦

«ይኼ ያንተ ፋቲሃ ገበያ ውሎ የመጣ ነው» አሉት።

«እንግዲያው ያስተካክሉልኝ» አለ። ይህን ሲል አልሳቀም። «እዚህ ቤት ነገ የማን እንደሆነች አይታወቅም። ብሞት ይዤ የምሄደው ሶላቴን ነው፤ ሶላት ደግሞ ያለ ፋቲሃ አይቆምም።»

«አስተካክልልሃለሁ። ግን ሳይሆን ሆነ አልልህም።»

«እሺ።»

ተጅዊድ ይሉታል፤ እያንዳንዱን ፊደል ከሚወጣበት ቦታ አውጥቶ፣ ልኩን ሰጥቶ የመቅራት ሥርዓት ነው። አንዳንድ የተማረ ሰው ይህን ሽምደዳ ይለዋል። ሽምደዳ ቢሆን መጽሐፍ ይበቃው ነበር። ይህ ግን ከአፍ ወደ አፍ ነው የሚሄደው። ተማሪው የመምህሩን ከንፈር ያያል፣ መምህሩም የተማሪውን።

ችግሩ ድምፅ ማሰማት ክልክል መሆኑ ነበር። ዘበኛው «የማይገባን ቋንቋ ጮክ ተብሎ አይነገርም» ብሎናል። ስለዚህ በሹክሹክታ ይማራሉ። ሼሁ የነጋዴውን ጣቶች ይዘው የራሳቸው ጉሮሮ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ፊደሉ ከየት እንደሚነሳ በእጁ እንዲያውቀው ነው። ድምፁ የሚሳብበትን ልክ ጣታቸውን እያጠፉ ያሳዩታል። ከጉሮሮ ከሚወጡት ፊደሎች ሲደርሱ በርበሬው ይነሳና ሁለቱም ይስላሉ።

«ይኼ ሳል ነው» ይላሉ ሼሁ ኮስተር ብለው። «ፊደሉ ከሱ ትንሽ ከፍ ይላል።»

መሪጌታው ከማዶ ሆነው ይከታተላሉ። አንድ ቀን «ይኼ ዐይን የምትሉት ፊደል እኛም ዘንድ አለ» አሉ። «ጽሕፈቱን ይዘን ድምፁን ጣልነው እንጂ።»

«እኛ ዘንድ በደህና ተቀምጧል፤ ይምጡና ይውሰዱ» አሏቸው ሼሁ። መሪጌታው ሞከሩት። እንደ ታነቀ ሰው ሆኑ። በዚያ ቤት ያን ያህል የተሳቀበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

ሁሉም ነገር ተስተካክሎ የፋቲሃው የመጨረሻ አንቀጽ ቀረ። እዚያ አንቀጽ ውስጥ ዷድ የሚባል ፊደል ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ሁለተኛው የመጨረሻው ቃል ላይ ነው። የሚወጣው የምላስ ጎን የላይኛውን መንጋጋ ጥርስ ሲጫን ነው። ለብዙ ሰው በግራ በኩል ይቀላል። ነጋዴው በግራ የሚጫነው ጥርስ የለውም። ደጋግሞ ሞከረ፤ የሚወጣው ቀላል፣ ተራ «ደ» ነው።

«ሼህ፣ ይለፉት እንጂ» አሉ መሪጌታው። «ጥርሱን ያወጣው ይጠየቅበት።»

«ለማይችል ይቅርታ አለው። ይኼ ግን ይችላል። በቀኝ ይሞክር።»

«ጨካኝ ነዎት» አልኳቸው እኔ።

ዞር ብለው አዩኝ። «ጥርሱን የወሰዱበት ሰዎች አትችልም ብለውታል። እኔም ልድገምለት?»

አንድ ረፋድ ዘበኛው በሩን ከፍቶ ሼሁን ጠራ። «ዕቃዎን ይያዙ» አለ። ውጭ የመኪና ሞተር ይሰማል። ዕቃቸው አንድ ጋቢ ነበር። ነጋዴው ተነስቶ ፊታቸው ቆመ።

«ሼህ፣ አንዴ ይስሙኝ።»

ሼሁ ጋቢያቸውን መልሰው አስቀመጡና ቁጭ አሉ። «ቅራ» አሉት። «ድምፅህን አውጣ።»

ቀራ። በዚያ ቤት ፋቲሃ ጮክ ተብሎ ሲቀራ የመጀመሪያው ነበር። የሚስለው ሁሉ ሳሉን ዋጠ።

«ማን ፈቀደላችሁ?» አለ ዘበኛው።

«አንተ ልጅ፣ ጎጃም አይደል ያደግኸው?» አሉት መሪጌታው ከተቀመጡበት። «ተማሪ እያሰማ መምህር ሲነሳ አይተህ ታውቃለህ?»

ዘበኛው የበሩን መዝጊያ እንደያዘ ቆመ። ውጭ መኪናው ጥሩምባ ነፋ። ነጋዴው የመጨረሻው ቃል ላይ ደረሰ፤ አገጩን ወደ ቀኝ ሳብ አድርጎ አወጣው። ለኔ ጆሮ ያማረ ነበር።

«አልሆነም» አሉ ሼሁ ዓይናቸውን ከአፉ ሳያነሱ። «እንደገና።»

ደገመው።

«ቀርበሃል። አልሆነም።»

«በቃ አባባ፣ ይነሱ» አለ ዘበኛው፤ ድምፁ ግን የቅድሙ አልነበረም።

ሼሁ ተነሱ። ሁላችንም አንዲት ቃል ጠበቅን። ሆነ ቢሉት ማን ይከሳቸዋል? ነጋዴው ጋቢያቸውን አንስቶ ትከሻቸው ላይ ደረበላቸው።

«አልሆነልህም» አሉት። «ቦታውን ግን አግኝተኸዋል። አትተወው።»

«አላህ ይስጥልኝ» አለ፤ እጃቸውንም ሳመ። ፊቱን አየሁት፤ ያዘነ ሰው ፊት አልነበረም።

በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ይዋሸን ነበር። መርማሪው ነገ ትፈታላችሁ ይላል፤ ስንቅ የሚያመጡ ዘመዶቻችን «ቤት ሁሉም ደህና ነው» ይላሉ፤ እኛም ተመችቶናል እንላለን። በአንዲት ፊደል እንኳ ያልዋሹን ሼሁ ብቻ ናቸው። ብዙ ደግ ሰው አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ደግነት ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልገጠመኝም።

ከተፈታን በኋላ ቡሬ ሄጄ የነጋዴው ሱቅ ጎራ አልኩ። በሩን በተሰቀለው ሸራ ጋርዶ ፋቲሃን ቀራልኝ። እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ ከተማው ያሉ ሌላ መምህር ግን ሆኗል ብለውታል።

«ታዲያ ምን ቀረህ?» አልኩት።

«እሳቸው አልሰሙትም።»

እስር ቤት አለ በተባለበት ሁሉ ሄዶ ጠይቋል። በየበሩ «እዚህ የሉም» ይሉታል፤ የት እንዳሉ የሚነግረው ግን የለም።

ይህን የምታነብ ሰው፣ ከቡሬው መጋዘን በአንድ ጋቢ የወጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን የቁርአን መምህር የት እንደተወሰዱ የምታውቅ ከሆነ ንገረን። በሕይወት ከሌሉም ንገረን።