በቁመቷ ልክ

የያዙኝ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከፒያሳ ወደ ቤት ስመለስ ነው። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች «ለጥቂት ጥያቄ ነው» ስላሉኝ ደብተሮቼን እንዳቀፍኩ ተከትያቸው ቀበሌ ገባሁ። የቆለፉብኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው የገብስ አቧራ ይሸታል።

ሦስት ሴቶች አገኘሁ። ስሜን ማንም አልጠየቀኝም። አንዷ አስተማሪ፣ ሌላዋ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣች የደብተራ ሚስት ነበረች። ሦስተኛዋ፣ እኩያዬ የምትሆን ነርስ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ውስጥ እግሯን ገርፈዋት ከእሑድ ጀምሮ አልቆመችም። በማግስቱ ጠዋትም ለምርመራ እንደሚጠሯት ነግረዋታል።

«እንዳለፈው እንደ ጆንያ ተጎትቼ አልገባም» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

አስተማሪዋ አዲስ ገቢ እንዳያለቅስ የምታጫውተው ጨዋታ ነበራት። ሁላችንም ከአዲ አርቃይ ወደ ስሜን ተራራ የምንወጣ መንገደኞች ነን። የሚያጋጥመንን እሷ ትተርካለች፤ የምናደርገውን እኛ እንናገራለን። መሳካቱን የሚወስኑት አራት የባቄላ ክኮች ናቸው። ተወርውረው ቢያንስ ሁለቱ በጠፍጣፋ ጎናቸው ከተንጋለሉ ተሳካ። እኔን የደብተራ ተማሪ አደረገችኝ፤ «ተማሪ ብዙ አይናገርም» ብላ።

«መንገዱ ጋኔን አለበት፤ ክታብ መሥራት አለብሽ። ወርውሪ።»

ወረወርኩ። ሦስቱ ተንጋለሉ።

«በቃ፣ ሠራሽ።»

የደብተራዋ ሚስት ሳቀች። «ምነው እቴ! ፍየሏ ሳትታረድ? እኔ ሃያ ዓመት ለባሌ ብራና ፍቄ፣ ዛሬም ‹ገና ነሽ› ይለኛል።»

«እንግዲያው ሕጉን አንቺ አውጪ።»

አወጣች። ቆዳውን መዘፍዘፍ አንድ ውርወራ፣ ወጥሮ መፋቅ አንድ፣ ከጥላሸት ቀለም መበጥበጥ አንድ። መፋቁ ላይ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ።

«ቀደድሽው! አሁንም ሌላ ፍየል ፈልጊ። የአገሩን ፍየል ጨረስሽው እኮ!»

የነርሷ ትከሻ ሲነቃነቅ አየሁ። እየሳቀች ነበር።

በመጨረሻ ቀለሙም ተሳካልኝ። «ለማን ነው ታዲያ?» አለችኝ የደብተራዋ ሚስት። አፍ አውጥቼ መናገር አፍሬ በአገጬ ወደ ነርሷ ጠቆምኩ።

«ሸጋ። ክታብ የሚቆረጠው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፤ ከአናት እስከ ተረከዝ። ተኝቶ የሚለካ ሬሳ ነው። ተነሺ ልጄ።»

ነርሷ መጀመሪያ ተንበረከከች። ቀጥሎ ትከሻዬን ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። ሴትዮዋ ከነጠላዋ ክር መዝዛ ለካቻት። ከዚያ ደግማ ለካቻት። ሁለተኛው ቆማ እንድትቆይ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

«የክርስትና ስሟን የሚጽፈው ሰው ብቻ ይስማ» አለች።

ነርሷ በጆሮዬ ነገረችኝ።

ዓመታት አልፈዋል፤ ሁለታችንም በሕይወት ወጥተናል። በክታብ ያኔም አላምንም ነበር፣ ዛሬም አላምንም። ያን ስም ግን ስመረመር አልተናገርኩትም፤ እዚህም አልጽፈውም።

ከጨዋታው በማግስቱ ጠዋት አንድ ወታደር በሩን ከፍቶ ነርሷን ጠራ። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ተነስቼ ክንዷን ትከሻዬ ላይ አደረግሁ።

«አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?»

«ማንም» አልኩት። «አድርሻት እመለሳለሁ።»

ትንሽ አየንና ቀድሞን ሄደ። እኔና እሷ በራሷ እርምጃ ልክ፣ ቀስ እያልን ግቢውን አቋረጥን።